ከስዕል እስከ ርክክብ፦ የሕንፃ ኤሌክትሮመካኒካል ሥራን የፕሮጀክትና የውል አስተዳደር ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሆኖ መማር

«አብሽር ኢንጂነር፣ በኋላ እንተሳሰባለን።»

ደሴ ውስጥ ሳይት ላይ የዋለ ሰው ይህን ንግግር ያውቀዋል። እኔም ሙያውን በጀመርኩበት ዓመት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። ፒያሳ አካባቢ ይሠራ በነበረ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ የኤሌክትሪክና የሳኒተሪ ሥራውን የያዘው ድርጅት ተቀጣሪ ነበርኩ። የሕንፃው ባለቤት ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እየመጡ ፎቅ ለፎቅ ይዞራሉ። «እዚህ ጋ ሶኬት ጨምርልኝ፤ ይህን የወጥ ቤት መስመር ወደዚያ አዙርልኝ» ይላሉ፤ እኛም እንጨምራለን፣ እናዞራለን። ሥራው አልቆ ስንቆጥር ከቢኦኪው (የሥራው መጠንና ዋጋ ከተዘረዘረበት የውሉ ሰንጠረዥ) በላይ 46 ፖይንት (ሶኬት፣ መብራትና የመሳሰለው የሚገባበት ነጥብ) ሆኖ ተገኘ። ሒሳቡን ስናቀርብ ባለቤቱ ተገርመው «ይህን ሁሉ መቼ አዘዝኩ?» አሉ። እያታለሉ አልነበረም፤ ረስተውት ነው። እኔ ደግሞ ያዘዙበትን ቀን የሚያሳይ አንዲት ወረቀት እንኳ አልነበረኝም።

የኬብል ስፋት ማስላት፣ የፓምፕ ግፊት ማውጣት ትምህርት ቤት ተምረናል። ትእዛዝን እንዴት ወደ ወረቀት፣ ወረቀትን ወደ ክፍያ እንደምንለውጥ ግን አብዛኞቻችን የተማርነው ገንዘብ ከጠፋ በኋላ ነው። ይህ መመሪያ ከኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትም ሆነ ከሌላ ተቋም በኤሌክትሪካል ወይም በመካኒካል ምህንድስና ለተመረቁ፣ ከቴክኒክና ሙያ ወጥተው ፎረማን ለሆኑ፣ አሁን ሳይት ላይ ላሉ ወጣቶች የተጻፈ ነው። ዘዴው አንድ ነው፦ አንድ ሕንፃ፣ አንድ ውልና አንድ ፋይል ይዛችሁ ከመጀመሪያው ስዕል እስከ መጨረሻው ርክክብ መከታተል። ስድስት ወር ያህል በየሳምንቱ አንድ ግማሽ ቀን ብትሰጡት መሠረቱን ትይዛላችሁ።

ደረጃ 1፦ አንድ ሙሉ ውል ፈልጉና ከዳር እስከ ዳር አንብቡ

መጀመሪያ የያዛችሁት ውል የየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ ለዩ። በመንግሥት በጀት የሚሠራ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ከሆነ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ በመንግሥት ግዥ መደበኛ የጨረታ ሰነድ ላይ የተመሠረተ ነው። በዓለም አቀፍ አበዳሪ ገንዘብ የሚሠራ ከሆነ የፊዲክ ውል ያጋጥማችኋል። ፊዲክ በ1913 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ የአማካሪ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ነው። ቀይ ሽፋን ያለው ውሉ አሠሪው ዲዛይን ሰጥቶ ለሚያሠራው ሥራ፣ ቢጫው ደግሞ ተቋራጩ ራሱ ዲዛይን አድርጎ ለሚተክለው የፋብሪካና የማሽን ሥራ ነው። የግል ሕንፃ ከሆነ ውሉ ሁለት ሦስት ገጽ ሊሆን ይችላል። ያኔ ውሉ ዝም ያለበትን የሚሞላው የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የሚሠራ ሥራን የሚመለከተው ከቁጥር 3019 ጀምሮ ያለው ክፍል ነው፤ የመንግሥት የሕዝብ ሥራ ውል ደግሞ ከቁጥር 3244 ጀምሮ ይገኛል። ሕጉ በአማርኛ ስላለ ገዝታችሁ ወይም ከቤተ መጻሕፍት ተውሳችሁ እነዚህን ገጾች አንብቡ። ብዙ መሐንዲሶች ይህን አያደርጉም፤ አስተያየቴን ከጠየቃችሁኝ ከማንኛውም የአጭር ጊዜ ሥልጠና በፊት የሚቀድመው ይህ ነው።

ስታነቡ ከልዩ የውል ሁኔታዎች ጀምሩ። ጠቅላላ ሁኔታዎቹ ለሁሉም ፕሮጀክት አንድ ናቸው፤ ለእናንተ ሕንፃ የተቀየረው ነገር ያለው ልዩዎቹ ላይ ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ይዛችሁ የሚከተሉትን ብቻ መልሱ፦

- መሐንዲሱ ወይም አማካሪው ማን ነው? የሥራ ለውጥ የማዘዝ ሥልጣኑ እስከ ስንት ብር ነው?
- ሥራው የሚጀመረው ከየትኛው ቀን ነው፤ ከፊርማው፣ ከሳይት ርክክብ ወይስ ከቅድመ ክፍያ?
- የውሉ ጊዜ ስንት ቀን ነው? የመዘግየት ቅጣቱስ በቀን ስንት ነው፣ ጣሪያውስ?
- ቅድመ ክፍያ፣ ሪቴንሽን (ከየክፍያው ተቀንሶ የሚያዝ ገንዘብ) እና የውል ማስከበሪያ ዋስትና ስንት በመቶ ናቸው?
- ችግር ሲያጋጥም በስንት ቀን ውስጥ ማሳወቅ አለብን?
- ሰነዶች ሲጋጩ የትኛው ይበልጣል?

ይህን ወረቀት ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ለጥፉት። ሳይት ላይ ጭቅጭቅ ሲነሳ ሁለት መቶ ገጽ ከማገላበጥ ያድናችኋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ዕቃ መርጣችሁ በሰነዶቹ ውስጥ ተከተሉት

ዋናውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ቦርድ ምረጡ። በስዕሉ ላይ ቦታውን፣ በሲንግል ላይን ዲያግራሙ (የኤሌክትሪክ መስመሮቹን ትስስር ባጭሩ በሚያሳየው ንድፍ) ላይ መጠኑን፣ በስፔሲፊኬሽኑ ውስጥ የጥራት ደረጃውን፣ በቢኦኪው ውስጥ ዋጋውን ፈልጉ። አራቱ ቦታ ብዙ ጊዜ አይስማሙም። ስዕሉ 400 አምፒር፣ ቢኦኪው 250 አምፒር ካለ የሚገዛው የትኛው ነው? መልሱን የሚሰጣችሁ የሰነዶች ቅደም ተከተል የሚለው አንቀጽ ነው። ያም ቢሆን ዕቃው ከመታዘዙ በፊት አማካሪውን በደብዳቤ ጠይቁ።

እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ጠመዝማዛውን ወርደን እንደርሳለን። ከፍታቸው ግን በጣም ይለያያል፦ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ጦሳ ሥር ያለችው ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ። የዝቅተኛ ቮልቴጅ ቦርዶች ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው አይኢሲ 61439 መደበኛ የአገልግሎት ሁኔታ ብሎ የሚወስደው እስከ 2,000 ሜትር ያለውን ነው። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ ያለ ጥያቄ የሚያልፍ ቦርድ ደሴ ላይ ከአምራቹ የአቅም ቅነሳ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። የትራንስፎርመር መደበኛ ከፍታ ደግሞ 1,000 ሜትር ስለሆነ ሁለቱንም ከተሞች ይመለከታል። ጀነሬተርም እንደዚሁ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል፤ ደሴ ላይ ወደ ሩብ የሚጠጋ አቅሙን ተነጥቆ ሊሠራ ይችላል። ፓምፕ ከበታቹ ካለ የመሬት ውስጥ ታንከር ውኃ የሚስብ ከሆነ ደግሞ በውኃ ከፍታ ሲለካ በባሕር ጠለል ላይ 10.3 ሜትር የሚሆነው የአየር ግፊት ደሴ ላይ 7.6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ይህ የምህንድስና ጉዳይ ይመስላል፤ ነገር ግን ወዲያው የውል ጉዳይ ይሆናል። ስፔሲፊኬሽኑ የሳይቱን ከፍታ ከጻፈ ትክክለኛውን መጠን የማቅረብ ኃላፊነት የአቅራቢው ነው። ካልጻፈና «100 ኬቪኤ ጀነሬተር» ብቻ ካለ፣ በመለያው ላይ 100 ኬቪኤ የሚል ማሽን መጥቶ ሕንፃውን መሸከም ሲያቅተው ማን ይከፍላል? ይህን ጥያቄ የማንሳት ጊዜው በጨረታው ወቅት የማብራሪያ ጥያቄ ሲፈቀድ ነው። ለመለማመድ፣ በእጃችሁ ባለው ስፔሲፊኬሽን ውስጥ ከፍታ የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ አስምሩበት፤ ያልተጠቀሰበትን ዕቃ ደግሞ ዘርዝሩ።

ደረጃ 3፦ ልክ ውሰዱ

ቴክኦፍን (ከስዕል ላይ የሥራ መጠን ማውጣትን) ከኮምፒውተር በፊት በእጅ ተማሩ። የአንድ ፎቅ የኤሌክትሪክ ስዕል ዘርግታችሁ በሦስት ቀለም እርሳስ የመብራት፣ የሶኬትና የስልክ ፖይንቶችን ቁጠሩ። እኛ አገር የመብራት ሥራ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ በፖይንት ነው፤ ሽቦውም ቱቦውም በፖይንቱ ዋጋ ውስጥ ይገባል። ማብሪያ ማጥፊያውና አምፑሉስ? በአንዱ ቢኦኪው ውስጥ ይገባሉ፣ በሌላው ለብቻቸው ተራ ቁጥር አላቸው። ከመቁጠራችሁ በፊት የቢኦኪውን መግቢያና የእያንዳንዱን ተራ መግለጫ ቃል በቃል አንብቡ።

ሳኒተሪው ላይ ቧንቧ በሜትር፣ መገጣጠሚያዎች ደግሞ እንደ ውሉ ወይ በሜትሩ ውስጥ ወይ በቁጥር ይለካሉ። ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ከቢኦኪው ጋር አወዳድሩና ልዩነቱን ጻፉ። ልዩነት የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አላየሁም።

የሚደበቅ ሥራ ብቻውን ሊነገርለት ይገባል። ሶሌታ (የወለል አርማታ) ውስጥ የሚቀበር ቱቦ ፌሮው ታስሮ አርማታው ከመሞላቱ በፊት ከተቆጣጣሪው ጋር አብራችሁ ለኩ፣ የጋራ ወረቀት ላይ ተፈራረሙ፣ ሜትር ዘርግታችሁ ፎቶ አንሱ። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ያንን ቱቦ የሚቆጥርላችሁ ሰው የለም።

ደረጃ 4፦ የጊዜ ሰሌዳውን ከሲቪሉ ሥራ ጋር አስተሳስሩ

የእኛ ሥራ ለብቻው አይሮጥም። ስሊቭ (ቧንቧ የሚያልፍበት ማስገቢያ) ከቢም ሙሌት በፊት መቀመጥ አለበት። ግድግዳ የሚፈለፈለው ብሎኬቱ ካለቀ በኋላ፣ ልስኑ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሽቦ የሚሳበው ልስኑ ከደረቀ በኋላ፣ ማብሪያ የሚገጠመው ከቀለም በኋላ ነው። ስለዚህ የሲቪሉን ሰሌዳ ተቀብላችሁ የእናንተን መስመሮች መሃሉ ላይ አስገቡ። ሶፍትዌሩ ኤምኤስ ፕሮጀክት ወይም ፕሪማቬራ ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን በካሬ ወረቀት ላይ ሥሩት።

ወሳኝ መስመር (ቢዘገይ ፕሮጀክቱን ሁሉ የሚያዘገይ የሥራዎች ሰንሰለት) የሚባለው ሐሳብ በምሳሌ ይቅለላችሁ። የሊፍት ሥራ እንዲህ ይሁን፦ ስዕል ማጽደቅ 3 ሳምንት፣ ኤልሲ (ለውጭ አቅራቢ የሚከፈልበት የባንክ ሰነድ) መክፈት 6፣ ፋብሪካ ውስጥ ማምረት 12፣ ጉዞና ጉምሩክ 8፣ ተከላ 5፣ ሙከራ 1። ድምሩ 35 ሳምንት ነው። ሊፍቱ ሳይት የሚደርሰው በ29ኛው ሳምንት መጨረሻ ነው። ሲቪሉ የሊፍቱን ጉድጓድ በ26ኛው ሳምንት ካስረከበ 3 ሳምንት ትርፍ አለው፤ ሁለት ሳምንት ቢዘገይ ሊፍቱን አያዘገየውም። ኤልሲው ሁለት ሳምንት ከዘገየ ግን ሕንፃው በሙሉ ሁለት ሳምንት ይዘገያል። ሳይት ላይ ሁሉም የሚጨቃጨቀው ስለ ጉድጓዱ ነው፤ ባንክ ቤት ያለውን ወረቀት የሚከታተል ሰው ግን አይገኝም። ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ዋናው የጊዜ አደጋ ከጅቡቲ ወዲያና ከባንኩ ወዲህ ነው ያለው። የአቅርቦት ውላችሁ ላይ ዕቃው የት እንደሚደርስም በግልጽ ይጻፍ፦ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ፣ ሞጆ ወይስ ሳይት ላይ?

የእኛ የቀን አቆጣጠር ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ውሉ 120 ቀን ይላል እንበል፤ ሥራው ሐምሌ 1 ተጀመረ። ብዙ ሰው አራት ወር ቆጥሮ ጥቅምት 30 ላይ ምልክት ያደርጋል። ቁጠሩት፦ ሐምሌ 30፣ ነሐሴ 30፣ ጳጉሜን 5፣ መስከረም 30፤ እስካሁን 95 ሆነ። የቀረው 25 ነውና 120ኛው ቀን ጥቅምት 25 ነው። የመዘግየት ቅጣቱ በቀን ከውሉ ዋጋ አንድ ሺሕኛ ከሆነና ውሉ 12,000,000 ብር ከሆነ አንድ ቀን 12,000 ብር ያስከፍላል፤ የጳጉሜን አምስት ቀን 60,000 ብር ማለት ነው። በደብዳቤ ላይ ሁልጊዜ ሁለቱንም አቆጣጠር ጻፉ። ከውጭ አቅራቢ ጋር ስትጻጻፉ ሰዓቱንም አስተካክሉ፤ የእኛ 3 ሰዓት የእነሱ 9 ነው።

ደረጃ 5፦ መጻፍ ተማሩ

ወደ 46ቱ ፖይንት ልመለስ፤ የትምህርቱ እምብርት እዚህ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው የፊዲክ ቀይ ውል አንቀጽ 3.3 መሠረት መሐንዲሱ በቃል ካዘዘ ተቋራጩ በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ትእዛዙን በጽሑፍ ያረጋግጥለታል። መሐንዲሱ ማረጋገጫው በደረሰው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ካልተቃወመ የተቋራጩ ወረቀት እንደ ጽሑፍ ትእዛዝ ይቆጠራል። ይህን አንቀጽ ያነበብኩ ቀን ያ ሁሉ ዓርብ ታወሰኝ። የእናንተ ውል ፊዲክ ባይሆንም ልማዱን ውሰዱት፤ የሚከለክላችሁ ሕግ የለም።

ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም፦

«ጉዳዩ፦ በቃል ስለታዘዘ ተጨማሪ ሥራ የጽሑፍ ማረጋገጫ ስለመጠየቅ። ሐሙስ ቀን 13/06/2017 ከቀኑ 9 ሰዓት በ2ኛ ፎቅ በተደረገው ጉብኝት በምሥራቅ በኩል ባሉት ሁለት ክፍሎች 8 የሶኬት ፖይንት እንዲጨመር በቃል ታዝዘናል። ሥራው በቢኦኪው ውስጥ የሌለ በመሆኑ በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን፣ ክፍያውም በተራ ቁጥር 3.05 ተመን እንዲሆን እንጠይቃለን። የግድግዳው ልስን ሰኞ ስለሚጀመር ምላሹ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ቢደርሰን ግድግዳውን ሁለት ጊዜ ከመፈልፈል እንድናለን።»

የዚህ ደብዳቤ አጥንቶች ቀን፣ ቦታ፣ መጠን፣ ተመንና የምላሽ ቀን ናቸው። ቁጣ የለበትም። ወቀሳም የለበትም። ወሎ ላይ ሰው በወረቀት ሲጠየቅ «ምነው፣ አላመናችሁንም?» ብሎ ቅር ሊለው ይችላል፤ ይህን ስሜት አትናቁት። እኔ መጀመሪያ በቃል እናገራለሁ፦ «ጋሼ፣ ያዘዙትን ልሠራ ነው፤ እርስዎም እኔም እንዳንረሳው ወረቀት አዘጋጅቻለሁ።» እስካሁን በዚህ አነጋገር የተቀየመኝ ሰው የለም። ደብዳቤውን ስትሰጡ ቅጂው ላይ «ደርሶኛል» አስብላችሁ ፊርማና ቀን ያዙ። ያልተፈረመበት ቅጂ ለክርክር ደካማ ነው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ዓይነት ማሳወቂያ ነው። ሲቪሉ ቦታ ካላስረከባችሁ፣ ስዕል ከዘገየ ወይም መንገድ ተዘግቶ ዕቃ ካልደረሰ ተጨማሪ ጊዜና ገንዘብ ሊገባችሁ ይችላል፤ በሰዓቱ ካሳወቃችሁ። በ1999ኙ ፊዲክ ውል አንቀጽ 20.1 ችግሩን ካወቃችሁበት ወይም ማወቅ ከነበረባችሁ ቀን ጀምሮ 28 ቀን አላችሁ። ካለፈ መብቱ ይቀራል፤ ዝርዝሩ በ42 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ማሳወቂያው ስሌት አይፈልግም። «ይህ ነገር ተከስቷል፣ ጊዜያችንን ይነካል፣ ዝርዝሩን እናቀርባለን» ማለት ይበቃል። ብዙ ወጣት መሐንዲስ ስሌቱን እስኪጨርስ ይጠብቅና ቀኑ ያልፍበታል።

ሦስተኛው የሳይት መዝገብ ነው። በየቀኑ ስንት ሠራተኛ እንደነበረ፣ ዝናብ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደጣለ፣ መብራት እንደጠፋ፣ ማን እንደጎበኘና ምን እንደተናገረ ጻፉ። ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡ ሲጠነክር ይህ መዝገብ የጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄያችሁ ምስክር ይሆናል። ዝናቡ ግን የተለመደው የክረምት ዝናብ ከሆነ ብዙ ውሎች እንደ ምክንያት አይቀበሉትም፤ ሰሌዳውን ስታወጡ ክረምቱን አስቀድማችሁ ቁጠሩት።

ንዑስ ተቋራጭ ከሆናችሁ ደግሞ፣ አብዛኛው የኤሌክትሮመካኒካል ድርጅት እንደዚያው ነውና፣ ዋናው ተቋራጭ ለአሠሪው ያለበትን የማሳወቂያ ቀን ጠይቃችሁ የእናንተን ከዚያ አሳጥሩት። እሱ 28 ቀን ካለው እናንተ በ14 ቀን ካልደረሳችሁለት የእናንተን ጥያቄ ወደ ላይ የሚያሻግርበት ጊዜ አያገኝም። «አሠሪው ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የሚል አንቀጽ ካለም ከመፈረማችሁ በፊት የመጨረሻ ቀን እንዲቀመጥለት ተደራደሩ።

ደረጃ 6፦ የክፍያ ሰርተፍኬት በእጃችሁ አዘጋጁ

ቁጥሮቹን እንያቸው። ውል 12,000,000 ብር፣ ቅድመ ክፍያ 20 በመቶ፣ ሪቴንሽን 5 በመቶ። እስካሁን የተሠራው ሥራ 4,500,000፣ ባለፈው ሰርተፍኬት የታየው 3,000,000 ነው። የዚህ ጊዜ ሥራ 1,500,000 ብር ይሆናል። ቅድመ ክፍያው በዚያው 20 በመቶ የሚመለስ ከሆነ 300,000፣ ሪቴንሽኑ 75,000 ይቀነሳል። የቀረው 1,125,000 ነው። ቫት 15 በመቶ የሚሰላው በየትኛው መስመር ላይ እንደሆነ ከመጀመሪያው ሰርተፍኬት በፊት ከአሠሪው ፋይናንስ ክፍል ጋር ተስማሙ፤ ሦስተኛው ሰርተፍኬት ላይ ደርሶ ሲመለስ ወር ይበላል።

በእኛ ሥራ አብዛኛው ወጪ ዕቃ ነው፤ ኬብሉ፣ ፓምፑ፣ ቦርዱ። ዕቃው ሳይት ደርሶ ገና ካልተገጠመ ይከፈላል? ውሉ ሳይት ላይ ያለ ዕቃ ክፍያ የሚል አንቀጽ እንዳለው ፈልጉ። የ1999ኙ ፊዲክ ከተዘረዘሩት ዕቃዎች ዋጋ 80 በመቶውን ይፈቅዳል። አንቀጹ ከሌለ ገንዘባችሁ መጋዘን ውስጥ ተኝቶ የሠራተኛ ደመወዝ ታጡና ትጨነቃላችሁ።

ከሰርተፍኬቱ ጋር ልክ የተወሰደበት ወረቀት፣ የተፈረሙ የለውጥ ትእዛዞችና ፎቶዎች ይያያዙ። አማካሪው ለመፈረም የሚያመነታው ብዙ ጊዜ ማስረጃ ፍለጋ ገጽ ማገላበጥ ስለሚሰለቸው ነው። በተራ ቁጥር አደራጅታችሁ ስጡት።

ደረጃ 7፦ የምንዛሪውን አደጋ ውሉ ውስጥ ፈልጉ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲመራ ሲወሰን አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 20,000 ዶላር የሚያወጣ የፓምፕና የእሳት ማጥፊያ ዕቃ ከ1,140,000 ብር ወደ 2,000,000 ብር ሄደ ማለት ነው። በቋሚ ዋጋ የፈረመ የኤሌክትሮመካኒካል ተቋራጭ አሸዋና ድንጋይ ከሚገዛው ሲቪል ይልቅ ክፉኛ ተመታ።

ስለዚህ ሦስት ነገር አጣሩ። ውሉ የዋጋ ማስተካከያ አለው? ካለው ቀመሩ የውጭ ዕቃን የሚወክል ክፍል አለው ወይስ ሲሚንቶና ፌሮ ብቻ? የመነሻ ቀኑስ የጨረታው መክፈቻ ነው ወይስ የፊርማው? ቀመር ከሌለ ቅድመ ክፍያው እንደተለቀቀ ከውጭ የሚገቡትን ዕቃዎች አስቀድማችሁ እዘዙ፣ ማጽደቂያቸውንም በመጀመሪያው ወር ጨርሱ። የአቅራቢው ፕሮፎርማ የሚጸናበትን ቀን ፋይላችሁ ላይ በቀይ ጻፉት።

ደረጃ 8፦ ሙከራና ርክክብ

የሙከራውን ዝርዝር ስፔሲፊኬሽኑ ይሰጣችኋል። የውኃ ቧንቧ በተለምዶ ከሥራ ግፊቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይፈተሻል፤ ግድግዳው ሳይለሰን መሆን አለበት። የኤሌክትሪክ መስመሮች የኢንሱሌሽን ሙከራ በ500 ቮልት ይደረጋል፣ ዝቅተኛው ውጤት 1 ሜጋኦም ነው። የመሬት ገመዱ በደረቅ ወቅት ይለካ፤ በነሐሴ ጭቃ ላይ ጥሩ የመጣ ቁጥር በየካቲት ላይደገም ይችላል። ጀነሬተሩ በሙሉ ጭነት ይሞከር፤ ስለ ከፍታ የጻፋችሁት ሁሉ እዚህ ይፈተናል። ለእያንዳንዱ ሙከራ አማካሪውን በጽሑፍ ጥሩ፣ ውጤቱን ያኔውኑ አስፈርሙ።

መስመሩን ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ጋር የማገናኘቱ ማመልከቻ የማን ነው? ውሉ ዝም ካለ ሁለቱም ወገን ሌላው ያመለክታል ብሎ ይቀመጣል፤ ያለቀ ሕንፃም ያለ ቆጣሪ ይቆማል። ይህን በመጀመሪያው ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ላይ አስይዙ።

ጊዜያዊ ርክክብ ሲደረግ የጉድለት ዝርዝር ይወጣል። ዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ነጥብ ሁሉ ጉድለት፣ በሌላ ተቋራጭ የተጎዳ፣ አዲስ ፍላጎት ብላችሁ ለዩ። ሦስተኛው ዓይነት ጉድለት ስላልሆነ ክፍያ አለው። አዝ ቢልት ስዕሉን (ሥራው በተግባር እንደተሠራ የሚያሳየውን)፣ የማሽኖቹን መመሪያና የዋስትና ወረቀት በዚሁ ቀን አስረክቡ፤ የሕንፃውን ጥበቃና የጥገና ሠራተኛ ጠርታችሁ ፓምፑን እንዴት እንደሚያጠፉ፣ ጀነሬተሩን እንዴት እንደሚያስነሱ በእጃቸው አሠሯቸው። ብዙ ውል ላይ ከሪቴንሽኑ ግማሹ የሚለቀቀው እዚህ ነው፤ ቀሪው የጉድለት ማስተካከያ ጊዜው፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት፣ ሲያልቅ ይለቀቃል። ከዚያም በኋላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ተቋራጩ ሥራው በደንብ ለመሠራቱና ለጥንካሬው 10 ዓመት ዋስ ነው፤ ስለዚህ ፋይሉን አትጣሉት።

ዓመቱ ከማለቁ 30 ቀን በፊት የመጨረሻ ርክክብ መጠየቂያ ደብዳቤ ጻፉ። ከመጻፋችሁ በፊት ግን መሣሪያ ይዛችሁ ሕንፃውን ዙሩ፤ የሚያንጠባጥብ ቫልቭ፣ የላላ ብሬከር ካገኛችሁ አጥብቁት። የውል ማስከበሪያ ዋስትናው ለባንክ የሚመለስበትን ደብዳቤም በዚያው ቀን ጠይቁ፤ ባንኩ ዋናውን ወረቀት ካላየ ያስያዛችሁትን አይለቅም።